ሰማንያ ሲደርስ ይነቀላል

ወዳጆቼ፣ ወንበር ያገኛችሁ ተቀመጡ፤ ያላገኛችሁ ግድግዳውን ደገፍ በሉ። አጭር ንግግር ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ይህን ሰው በሁለት ቃል መሸኘት የሚችል ካለ ይምጣና ማይኩን ይቀበለኝ። እኔ እንደምታውቁት የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነኝ፤ ከበሩ ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው። ማን ተቆጥቶ እንደገባ፣ ማን አኩርፎ እንደወጣ የማየው እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረውን «እንዲህ አልሆነም» የሚል ሰው ካለ በኋላ ለብቻዬ ያናግረኝ።

ጋሼ፣ «አንቱ ስትይኝ ያረጀሁ ይመስለኛል» ብለህ የዛሬ ስንት ዓመት ስለከለከልከኝ፣ ጡረታ እየወጣህም አንተ ነው የምልህ።

ከመጣህበት ቀን ልጀምር። አዲስ የዕቃ ጥገና ክፍል ኃላፊ ይመጣል ተብሎ ተጠባብቀናል። በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም ሰው ገባ። እንዴት አደራችሁ የለ፣ ምን የለ፣ በቀጥታ ጠረጴዛዬ ሥር ገባ። እግሬን ሰብስቤ «ምን ጠፋብዎ?» አልኩት። «ሶኬትሽን እያየሁ ነው» አለኝ ከሥር ሆኖ። የተዋወቅነው እንግዲህ እንደዚህ ነው፤ መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው።

በዚያው ቀን ትእዛዝ አስተላለፈ። «ዛሬ ማንም ቻርጀር እንዳይሰካ። ላፕቶፑ ሁሉ ባዶ እስኪሆን ይሠራበት፣ ከዚያ እስከ መቶ ይሞላ። ባትሪ እንደዚያ ካልተደረገ ይበላሻል።» እኛም የተማረ መሐንዲስ ነው፣ ያውቃል ብለን ታዘዝን። ከሰዓት በኋላ እንግዶች መጡ፤ የትልቁን ድልድይ ጥናት ሊያዩ። ሥራ አስኪያጃችን ላፕቶፑን ከፈተ፤ ጨለማ። የምክትሉን አመጡ፤ ጨለማ። የመሐንዲሶቹን አንድ በአንድ አመጡ፤ ሁሉም ጨለማ። ቻርጀር ይሰካ ሲባል ደግሞ መብራት ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ምን ያድርግ? ክንዱን ዘርግቶ ድልድዩን በክንዱ አስረዳ። «እዚህ ጋ ተሰንጥቋል» እያለ ክርኑን ያሳያቸዋል። አያችሁት፣ ያው እዚያ ጋ እየሳቀ ነው። ያን ቀን አልሳቀም።

በሳምንቱ ጋሼ ሁላችንንም ሰበሰበን። «የነገርኳችሁ የድሮዎቹ ባትሪዎች ደንብ ነው። የአሁኖቹን ባዶ ማድረግ ይጎዳቸዋል፤ ሁልጊዜ ሞልቶ ማቆየትም ይጎዳቸዋል። አጥፍቻለሁ» አለ። በዚህ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነ ሰው «አጥፍቻለሁ» ሲል የሰማሁት ያኔ ነው። ሁለተኛውን እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ባትሪው ሃያ በመቶ ሲደርስ ይሰካል፣ ሰማንያ ሲደርስ ይነቀላል። ይኼው ነው። ከሰዓት በኋላ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ በየጠረጴዛው እየዞረ ቻርጀር ይነቅላል። «ሰማንያ፣ ሰማንያ» ይላል እየነቀለ። ስሙ በዚያው ጋሽ ሰማንያ ሆኖ ቀረ። አዲስ የሚቀጠሩት ዕድሜው ይመስላቸዋል፤ ሽበቱን አይተው አያጣሩም።

ሙቀት የሚለካው ደግሞ በእጁ ጀርባ ነው፤ እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካው። አንድ ቀን ላፕቶፔን ነካ አደረገና ፊቱ ተለወጠ።

«ይኼ ትኩሳት አለው። ምን ላይ ነው ያስቀመጥሽው?»

«ትራስ ላይ።»

«ትራስ? ለምን?»

«እንዳይቆረቁረው።»

ከዚያ በቀስታ አነሳውና ገለበጠው። «ይኼውልሽ መተንፈሻው፤ ከሥር ነው። አንቺን አፍንጫሽን ትራስ ላይ ደፍተው ቢያስተኙሽ ደስ ይልሻል?» ትራሱን ይዞት ሄደ። እስካሁን አልመለሰልኝም። ዛሬ ክፍሉን ሲያስረክብ እንዳይረሳው።

ሾፌራችን ደግሞ ላፕቶፕ መኪና ውስጥ ትቶ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቆመ። ጋሼ ደርሶ ሲጮህበት «መስኮቱን ትንሽ ከፍቼለት ነበር እኮ» አለው። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ጋሼ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ሳቅ አመለጠው። ሲቆጣም እንደዚያ ነው፤ ብዙ አይዘልቅም።

የንድፍ ክፍል ኃላፊያችንን ነገር እንዳላነሳ ለምናኛለች። ይቅርታ፣ እህቴ፣ ሳይነሳ አይታለፍም። የእሷ ላፕቶፕ ከጊዜ ብዛት ሆዱ ብድግ አለ። ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ይወዛወዛል፣ ክዳኑም አልገጥም ብሏል። እሷ ምን አደረገች? ሁለት ወፋፍራም የግንባታ ደንብ መጻሕፍት ጫነችበትና «ተጭኖ ይዋል፣ ይስተካከላል» ብላ ምሳ ወጣች። ሕንፃ ሲያዘነብል አይታ የምትደነግጥ ሴት፣ ላፕቶፕ ሲያብጥ በመጽሐፍ ልታቃናው።

ጋሼ በምሳ ሰዓት ክፍሉ ገባና አየው። ያን ቀን አልጮኸም። አጠፋው፣ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አነሳ፣ ላፕቶፑን እንደ ትኩስ ድስት ይዞ በፊቴ አለፈ። «በሩን ክፈቺልኝ» ብቻ ነው ያለኝ። ግቢው ውስጥ ከመኪናውም ከዛፉም አርቆ ጥላ ያረፈበት ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠውና ራቅ ብሎ ቆመ። ሰው ሲጠጋ «ወደ ኋላ» ይላል። እሷ ከምሳ ስትመለስ «ጋሼ፣ ላፕቶፔ ምን ሆኖ ነው ውጭ የተጣለው?» አለችው። «ባትሪው አብጧል፣ ልጄ። ያበጠ ባትሪ አይጫኑትም፣ ይነድዳል» አላት። እኛ እንስቅ ነበር። እኔ ወንበር ላወጣለት ስጠጋ ግን «አንቺም ወደ ኋላ» አለኝ፤ አልሳቀም። ባትሪውን የሚያስወግዱት ባለሙያዎች መጥተው እስኪወስዱት ከዚያ አልተነቃነቀም። ያ ክፍል ሰባት ሰው ይቀመጥበታል። ዛሬ ሰባቱም እዚህ አሉ፣ ጥርሳቸውም አለ፣ ይስቃሉ።

እንግዲህ ቀልዱን እዚህ ላይ ገታ ላድርግ።

ይህ ሁሉን የሚነቅል ሰው ራሱን ነቅሎ አያውቅም ነበር። ምሳውን ጠረጴዛው ላይ ነው የሚበላው። ፈቃድ ስንወጣ «ላፕቶፑን ግማሽ ሞልታችሁ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ እናንተም እረፉ» ይለናል፤ እሱ ግን ፈቃድ አይወጣም። እሁድ ብንደውል ያነሳል። እዚህ አጠገቡ የተቀመጠችው ባለቤቱ፣ እትዬ የምንላት፣ ለላፕቶፕ የሚያዝነውን ሩብ ያህል ለራሱ ቢያዝን ምን ነበረበት ስትል ስንት ጊዜ ሰምተናታል። እሱ ይስቅና «እኔ የድሮ ሥሪት ነኝ፣ ምንም አልሆንም» ይላል።

ባለፈው ዓመት ደረጃው ላይ ወደቀ። ላፕቶፕ ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር። ክርኑ ተላልጧል፣ ላፕቶፑ አንድ ጭረት የለውም። ሾፌራችን ሆስፒታል አደረሰው፤ እትዬ መጣች፤ ሦስታችን ኮሪደሩ ላይ ቆመን ቀረን። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሐኪሙ ወጥቶ «ልቡ በጣም ደክሟል። ካረፈ ይመለሳል» አለን። እትዬ ገባች። ትንሽ ቆይታ አፏን በእጇ ይዛ ወጣች። ጠጋ ስላት እየሳቀች ነው። «ነርሷን፣ የዚህ መሣሪያ ባትሪ ስንት ዓመቱ ነው እያለ እየጠየቃት ነው» አለችኝ። ዘበኛው መጥቶ እስኪቆጣን ሳቅን። ሾፌራችን ብቻ አልሳቀም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቅስ ነበር።

ደህና ሆነህ ተመለስክ። ግማሽ ቀን ብቻ ሥራ ተብለህ፣ ወር ሳይሞላ እንደገና ከቢሮ መጨረሻ የምትወጣው አንተ ሆንክ። የጡረታህ ጊዜ ሲቃረብ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ በኮንትራት እንድትቀጥል ሊጠይቅህ ጠራህ። ቅር አይበልህ አለቃዬ፣ ማንም ሰው ይህን ሰው ማጣት አይፈልግም። እትዬ ግን ስትሰማ ደወለችልኝ።

«ገባ?»

«ገባ።»

«ምን ይላል?»

«በሩ ወፍራም ነው፣ እትዬ፣ አይሰማም።»

«እሺ ካለ እኮ ይሞትብኛል» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልቤ ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ ልቤ «እሱ ከሄደ ማን ያየናል?» ይል ነበር። እትዬ ያን ስትለኝ ግን አንድ ቦታ ገባ። እምቢ በል፣ እምቢ በል እያልኩ በሩ ላይ አፈጠጥኩ።

ወጣህና ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆምክ። እንደ ልማድህ ላፕቶፔን በእጅህ ጀርባ ነካህ። «እምቢ አልኩት» አልከኝ። ቀጥለህም «ገና ትንሽ ጉልበት እያለኝ ልሂድ። ባዶ እስክሆን እዚህ ብቆይ፣ ለእሷ ምን ይዤ ልገባ ነው?» አልክ። አንተ ክፍልህ ከመድረስህ በፊት ደወልኩላት። «እምቢ አለ» አልኳት። ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ «በይ ምሳ ልሥራለት፣ ዛሬ ቤት ይበላ» አለችና ዘጋችው።

ስለዚህ በሽኝት ይለቀሳል የምትሉ ሰዎች፣ እኔ ዛሬ እፎይ ነው ያልኩት። የምንወደውን ሰው በእግሩ ቆሞ፣ እየሳቀ፣ ባለቤቱን ይዞ ሲወጣ እየሸኘን ነው። ኮሪደሩ ላይ የፈራሁት ሌላ ሽኝት ነበር።

ጋሼ፣ እናመሰግንሃለን። መሐንዲሶቹ ሶኬት በሌለበት ወንዝ ዳር ቆመው ሥራቸውን ጨርሰው የተመለሱት በአንተ ነው። እኔ ዛሬም የምጽፍበት ላፕቶፕ ሌላ ቢሮ ቢሆን ድሮ ተጥሎ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ላመስግንህ። ስንሳሳት ፊት ለፊት ትጮህብናለህ፤ ለአለቃ ሄደህ ግን አንድም ቀን አልተናገርክብንም። የአለቃው በር እኔ ፊት ነው ያለው፣ አውቃለሁ።

አሁን ስልክህን አጥፋ። ላፕቶፕ ቢያብጥ አንደውልልህም፤ አጥፍተን፣ ግቢ አውጥተን፣ ራቅ ብለን እንቆማለን። አስተምረኸናል። እትዬ፣ ከደወልን እንዳታነሺ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ሒሳብ ሹሙ፣ አየሁህ፣ እስከ አፉ ሞልተኸዋል፤ ጎደል አድርገው፣ ጋሽ ሰማንያ እያየህ ነው። ጋሼ፣ ባትሪ ሰማንያ ሲደርስ ይነቀላል ብለኸናል፣ ሰምተናል፣ እንጠብቃለን። ዕድሜህን ግን ከእትዬ ጋር እስከ መቶ ሙላው። ለጤናህ።