ጀሪካኑ ላይ ያለው ቀይ ቃል

አረጋዊው አናጢ ሃያ ሊትር የሚይዝ ባዶ ጀሪካን በትከሻቸው አንግተው ወደ ልጃቸው ቤት ሲያዘግሙ፣ መታጠፊያው ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እሷ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። እሳቸውን ደግሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ሚሊሜትር» ይሏቸዋል፤ ጣውላ ሦስቴ ሳይለኩ መጋዝ አያነሡም።

«እንዴት ዋሉ አጎቴ? በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?»

«ልጄ አራስ አይደለች? ቧንቧቸው በሦስት ቀን አንዴ ነው ብቅ የሚለው። የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ይዤላት ነው።»

መምህርቷ ጀሪካኑን ዞር አድርጋ አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ምን የነበረበት ነው?»

«እንጨት የምንቀባው የምስጥ መድኃኒት። አትፍሪ፣ በፈላ ውሃና በሳሙና ሦስቴ አጥቤዋለሁ።»

«በቀይ የተጻፈውንስ አይተውታል?»

«እንዴት አላየው! መሐሉ ላይ እንደ ወንበር እግር ማጠንከሪያ የተጠላለፈ ፊደል ያለበት። ይሄ ቃል ያለበት ጀሪካን ወፍራም ነው፤ ቢወድቅ አይሰነጠቅም። ሠራተኛው ሁሉ የሚሻማው በሱ ነው።»

አንባቢ እንዲያውቅልኝ፣ ጋሽ ሚሊሜትር ቸልተኛ ሰው አልነበሩም። ያንን ቃል አሥር ዓመት ሙሉ እየፈለጉ ሲመርጡ የኖሩት ተጠንቅቀው ነው።

«ቶክሲክ ይላል አጎቴ። መርዛማ ማለት ነው።»

«መርዛማው መድኃኒቱ ነዋ! እሱ አልቋል።»

«ቃሉ ከየት እንደመጣ ልንገርዎት? ከጥንት ግሪኮች ነው። ቶክሶን የሚሉት ቀስትን ነበር። ፍላጻ ጫፍ ላይ የሚቀቡትን መርዝ በቀስቱ ስም ጠሩት፤ እያደር ቀስቱ ተረሳና ስሙ ለመርዙ ቀረ። እንግሊዝኛም ወርሶ ለጭሱም ለፍሳሹም ቅጽል አደረገው። ዛሬማ አብሮት የሚውለውን ለሚያስመርር ሰውም ይሉታል።»

«እንደኛ ዕቃ ግዢ ሹም በያ!»

«እሳቸውን ይተዋቸው። ለመሆኑ ቀስተኛ መርዝ የተቀባ ፍላጻውን ለቅለቅ አድርጎ ለልጁ መጫወቻ ይሰጣል?»

ሳቁ። ግን አልተረቱም። «እኛ አሥር ዓመት ጠጣንበት። ይኸው አለሁ!»

«አምና በራስ ምታት ስንት ቀን ተኙ? ከዚህ ይሁን ከሌላ አላውቅም፣ ሐኪም አይደለሁም። በአራስ ላይ ግን ይሞክሩታል?» አለችና በሙያቸው መጣችባቸው። «ዘይት የጠጣ ጣውላ አጥበው ቀለም ይቀቡታል?»

«አብደሻል? ዘይቱ እኮ ውስጥ ገብቷል! ላዩ የደረቀ ይመስልሻል እንጂ ቀስ እያለ እየወጣ ቀለሙን...»

ዓይናቸው ወደ ጀሪካኑ ዞረ።

«ፕላስቲክም ይጠጣል አጎቴ። የጠጣውንም ቀስ እያለ ለውሃው ይመልሳል።»

ጋሽ ሚሊሜትር ጀሪካኑን ከትከሻቸው አወረዱ። መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ቤት መሄዱን ትተው ወደ ሥራ ቤታቸው ተመለሱ፤ መሰርሰሪያቸውን ሰክተው የያዙትንም ግድግዳ ሥር የተደረደሩትን፣ ሠራተኛው ውሃ የሚጠጣባቸውን አሥራ አንድ ጀሪካኖችም ግራና ቀኝ በሷቸው።

«ኧረ ጋሼ! አሁን የቀዳሁትን ውሃ!» ብሎ አንዱ ቀለም ቀቢ ጮኸ።

«ይፍሰስ!» አሉና ስለ ቀስቱም ስለ መርዙም ለግማሽ ሰዓት አስተማሩ፤ ግሪኮቹን በቅርብ የሚያውቋቸው ይመስሉ ነበር።

አራሷ በዚያው ቀን ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራ፣ ክዳን ያለው አዲስ ማጠራቀሚያ ደረሳት። ሥራ ቤቱም እንዲሁ። ባዶ የመድኃኒት ዕቃ ዛሬ ሳይበሳ ከግቢው አይወጣም። አዲስ ዕቃ ሲመጣም ከመከፈቱ በፊት ጽሑፉ ይነበባል፤ መምህርቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታስነብባቸዋለች። ከቀዩ ቃል በታች ጓንት አጥልቁ የሚል መስመር መኖሩ የታወቀውም ያኔ ነው። በሁለት ወር ውስጥ የቀቢዎቹ እጅ መላጡን ተወ፤ ማታ ማታ እጃቸውን ሲያኩ የሚያድሩት ሰዎች እንቅልፍ አገኙ።

አንድ ቅዳሜ ያው ቀለም ቀቢ፣ «ጋሼ፣ አሥር ዓመት ሙሉ እንዴት ሳያዩት ቀሩ?» ብሎ ነካ አደረጋቸው።

«አይቼዋለሁ እንጂ» አሉ ሳያፍሩ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት። «ያልሞከርኩት መጠየቅን ነው።»