ጥቁሩ ወይስ ባለመብራቱ

— ሄሎ! ... ሄሎ፣ ቡርቃ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት፣ ጭሮ ቅርንጫፍ... አዎ፣ ገብሬ ነኝ፤ አስተባባሪው ራሴ ነኝ። ማን ልበል?

— አብርሆት! እኔ ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት መስሎኝ ድምፄን አሳመርኩ። አዲስ አበባ በሰላም ገባሽ? ... ሱቁ ውስጥ ነሽ? ጎሽ! እንግዲህ የካርታ ባለሙያችን አንቺ ነሽ፤ ኮምፒውተሩንም የምትመርጪው አንቺ ነሽ። እኔ አልገባበትም።

— ሁለት ናቸው? እሺ... አንዱ ዎርክስቴሽን፣ ለከባድ ስሌት የሚሆን። ምን ይመስላል? ... ጥቁር ሣጥን። ሌላስ? ... ሌላ የለውም? በቃ ጥቁር ሣጥን? ሁለተኛውስ? ... ለጌም ወዳጆች የተገጣጠመ... ጎኑ መስታወት... ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ይበራል? አብርሆትዬ፣ ታዲያ ምኑ ነው ያከራከረሽ?

— አይ፣ አልገባበትም ብያለሁ። አስተያየት ነው የምሰጠው።

— ፈለቀች፣ እስቲ መስኮቱን ዝጊልኝ፤ ባጃጆቹ አላሰሙኝም... ሄሎ፣ ጸሐፊዬን ነው፤ ትሰሚኛለሽ? ... ባለመብራቱ ነው ፈጣኑ? ሻጩ ነው ያለው ወይስ አንቺ? ... አንቺም? እንግዲያው አለቀ! ... አላለቀም? ለምን?

— እ... እ... የከርሰ ምድር ውሃው ካርታ ስሌት ላይ አራት ቀን ሙሉ ይቆያል... ባለመብራቱ የተሠራው ለጥቂት ሰዓት ግልቢያ ነው። ሲግል መሃል ላይ ቀጥ ሊል ይችላል፤ ከዚያ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው... ጥቁሩ ዘገም ይላል እንጂ አይቆምም። ሜሞሪው ምን? ... ስህተት ሲፈጠር ራሱ ያርማል? ማንም ሳይቆጣው? አብርሆት፣ እኔ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ እንዲህ ያለ ሠራተኛ አላጋጠመኝም!

— አትሳቂ፣ የምሬን ነው። ቆይ፣ መብራት ሲጠፋስ? ... ሁለቱም ይጠፋሉ። ጥሩ፤ በዚህ እንኳ እኩል ናቸው።

— ግን የእኔንም አስቢልኝ እንጂ። የዛሬ ወር ገደማ ለአዲሱ ጉድጓድ ምረቃ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። በሩን ከፍተው ሲገቡ ምን ያያሉ? ጥቁር ሣጥን። «አዲሱ ኮምፒውተር የታለ?» ይሉኛል። ያኛውን ቢያዩ ግን ገና ከበሩ ላይ ቢሯችን መዘመኑን... ለውሃው? እንዴት ለውሃው? ... ለውሃው ምን ይጠቅማል? እሱ እንኳ... ጥያቄ ነው።

— ምን አልሽ? ድገሚው... «የሚኤሶው ጉድጓድ በባለመብራቱ ቢሰላ ኖሮ ውሃ ይወጣው ነበር ወይ?» ... አብርሆት! ሰው እየሰማኝ ታስደግሚኛለሽ?

— ፈለቀች፣ እህቴ፣ አንድ አፍታ ወጣ በይልኝ... በሩንም ገጠም አድርጊው... አመሰግናለሁ።

— እሺ። አሁን ብቻዬን ነኝ... አውቃለሁ። አውቃለሁ ብያለሁ። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ሁለተኛ ቀኑን እየሠራ ነበር፤ አንቺም «ሁለት ቀን ብቻ ይታገሡኝ» ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ ለእንግዶቹ ቀን ቆርጬ ነበር። ከአስፋልቱ ዳር ይቆፈር ያልኩት እኔ ነኝ... አዎ፣ ለመኪናቸው እንዲመች። ጫማቸውን አቧራ እንዳይነካው። በይው፣ በደንብ በይው! ትንሽ እርጥበት ሲታይ «ውሃ ወጣ» ብዬ ድንኳን ያስተከልኩትም እኔ ነኝ። የውሃው ሙከራ እስኪያልቅ እንጠብቅ ስትዪ የነበርሽው አንቺ ነሽ።

— አንቺ ግን በምረቃው ቀን አልነበርሽም፤ አላየሽም። አዴ ረዲያን ታውቂያቸዋለሽ አይደል? ... አዎ፣ ከብቶቻቸው በድርቁ ያለቁባቸው አሮጊት። የመጀመሪያውን ውሃ እሳቸው ይቅዱ ብለን አዲስ ጀሪካን አስይዘን ከቧንቧው ሥር አቆምናቸው። ካሜራ ተደቀነ። ሞተሩ ተነሣ። ቧንቧው አሳለ... አሳለ... ጭቃ ተፋ። ከዚያ ነፋስ ብቻ። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። አዴ ረዲያ ጎንበስ ብለው ጀሪካኑን አዩና ወደ እኔ ዞረው «ቢሻን ኤሳ?» አሉኝ። ... «ውሃው የት አለ?» ማለት ነው። አልተቆጡም እኮ! የማውቅ መስሏቸው ነው የጠየቁኝ።

— ምን እንዳልኳቸው ልንገርሽ? «ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው» አልኳቸው። ኮምፒውተር በዓይናቸው አይተው ለማያውቁ ሴት! የታመመ ሰው መስሏቸው «አላህ ያሽረው» አሉ።

— አትሳቂ እንዳልልሽ እኔም ስቄያለሁ... እቤቴ ገብቼ ነው የሳቅኩት፤ እሱም ሳቅ አልነበረም።

— ሪፖርቱም እንደዚያው ተጻፈ። «በኮምፒውተር ብልሽት ምክንያት።» ዋናው መሥሪያ ቤት አነበበ፣ አዘነ፣ አዲስ ኮምፒውተር ይገዛ ብሎ ፈቀደ... አዎ። ዛሬ የምትገዢው እሱን ነው። እዚያ ሱቅ ውስጥ ያቆመሽ የእኔ ውሸት ነው። ደስ አለሽ? ... እኔንም ደስ አላለኝም።

— ሄሎ? ... አለሽ? ... ጠይቂኝ።

— «ጥቁሩን ብገዛ አራቱን ቀን ይታገሡኛል?» ነው ያልሽኝ?

— ካርታው ውሃው ከኮረብታው ጀርባ ነው ቢለንስ? መኪና የማይገባበት? ... እዚያው ይቆፈራል። እንግዶቹስ በምን ይሄዳሉ? ... በእግራቸው። እስቲ አስቢው፣ ያ ሁሉ ሱፍ ለባሽ በሚኤሶ ፀሐይ... አይ፣ ይሂዱ! አዴ ረዲያ በየቀኑ ይሄዱት የለም?

— በቃ ጥቁሩን ግዢ... ሰምተሻል፣ ጥቁሩን። ... ሻጩ ምን ይላል? ጥቁሩ ውስጥ መብራት ሊገጥምልሽ? በፍጹም! ... ቆይ፣ በነፃ ነው? ... አይ፣ ተዪው። ተዪው ብያለሁ፣ አታስጎምጂኝ።

— ቀኑን እኔ እነግራቸዋለሁ። ካርታው ሳያልቅ፣ ውሃውም ሳይፈተሽ ቀን የሚባል ነገር የለም... መቼ እነግራቸዋለሁ? ... በዚህ ሳምንት። ... እሺ፣ ነገ። ... እሺ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ! ምን ዓይነት ሴት ነሽ?

— ግቢ፣ ፈለቀች። ምን ሆነሻል? ... በአንቺ ስልክ? ዋናው መሥሪያ ቤት? አሁን? ... የአዲሱን ጉድጓድ የምረቃ ቀን ንገሩን እያሉ ነው? ... ስብሰባ ላይ ነው በያቸው።

— አይ አብርሆት፣ አንቺን አይደለም... ሰማሽኝ እንዴ? ... «ይህም እንደ ኮምፒውተሩ ነው?» ... ነው።

— ፈለቀች! ... ፈለቀች፣ አልዘጋሽውም አይደል? ... ስብሰባው አልቋል በያቸው። ስልኩን እዚሁ አምጪልኝ።

— በይ አብርሆት፣ ልዝጋው... ምን እላቸዋለሁ? መጀመሪያ ከአስፋልቱ ዳር ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ከዚያ ሥራው ከተረፈልኝ ስለ ቀኑ እንነጋገራለን... አይ፣ አልፈራሁም። በይ፣ ቻው... ስልኩን ስጪኝ፣ ፈለቀች... ሄሎ? ጌታዬ፣ ገብሬ ነኝ።