ከዛፉ እስከ ግንቡ

— ሄሎ?... አቤት ወንድሜ!... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... ቆይ፣ የስፌት መኪናውን ላቁም... እህ፣ አሁን ሰማሁህ። ምነው ድምፅህ?

— ዛሬ መሆኑንማ አውቃለሁ። የፍርድ ቤቱ ቀያሽ ገና አልመጣም። ጎረቤታችን አናጢው ግን ከማለዳ ጀምሮ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል... ሰላም ይለኛል እንጂ! የከሰሰው አንተን፣ እኔን መች ከሰሰኝ።

— ምኑን?... ቡቃያውን?... ከነሥሩ ልንቀለው?

— እማዬ፣ ፀሐዩ ከረረ፣ ግቢ እንጂ!... አንተን አይደለም፣ እሷን ነው። ጓሮ ናት፣ ቡቃያውን ውሃ እያጠጣችው። ጠዋት ጠዋት ሥራዋ ይኸው ሆኗል።

— እኔ የምለው... ከአናጢው ጋር በገባኸው የመሬት ውል ላይ "ከዛፉ እስከ ግንቡ ሸጫለሁ" ብለህ ስትፈርም፣ የእማዬ ክፍል መሀል ላይ እንዳለ አላየህም?... አዎ፣ "እሷ በሕይወት እያለች አልነካትም" ብሎሃል። በአፉ! ወረቀቱ ላይ የታለ?... "ጎረቤቴን ጻፍልኝ ማለት ነውር ነው" አልክ። ይኸው እሱ ሳያፍር "በውሉ መሠረት ያስረክበኝ" አለ።

— ቆይ፣ ልጨርስ! ከዚያ ዛፉን ቆረጥክ። ጉቶውን አቃጥለህ አፈር መለስክበት። ዳኛው ፊት ቆመህ "ዛፉ የነበረው ግንቡ ሥር ነው" አልክ። ይኸው ሥሩ መልሶ አቆጠቆጠ፤ ዛፍ እኮ እንደ ሰው ቦታውን አይክድም።

— አልጮህኩም... እማዬ እኔ ጋ ትግባ? በዚህች ክፍል ከመኪናውና ከጨርቁ የተረፈው ቦታ እኔንም አልቻለኝ!... እኮ፣ የት ትውደቅ? እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

— ኧረ አታልቅስ... ተው አልኩህ... እሺ። እሺ አልኩ እኮ። ዶማው በሩ ጥግ ነው... ይዤዋለሁ። እሷን ግን ምን ብዬ ከዚያ ላስነሳት?

— ቆይ... የግቢው በር ተከፈተ... ቀያሹ ነው። አናጢውም ከኋላው።

— እማዬ! እማዬ፣ ወደዚህ ነይ!... አልሰማችኝም... ወንድሜ፣ እንግዳውን እጁን ይዛ ወደ ጓሮ እየወሰደችው ነው... ጎንበስ ብላ እያሳየችው ነው... ምን ትለዋለች?... "ልጄ ቆርጦት ነበር፤ ተመስገን፣ አልሞተም።"

— ሄሎ?... አለህ?... ሄሎ?

— መጣሁ፣ እማዬ!... ዶማው? ምንም አይደል... ዝም ብዬ ነው የያዝኩት።