ለጦስኝ ድንጋይ የተሸከመው ሰው

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጦስኝ አይገዛም ነበር፣ ይረገጥ ነበር እንጂ። እኔ ያደግሁት ከሞጣ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነው፤ ሜዳው ሁሉ ጦስኝ፣ ስንሄድበት ውለን እግራችን ይሸታል፣ ብንታጠበውም አይለቅ። ታዲያ በደርግ ጊዜ ለአያታችሁ ተዳርኩና ቢቸና መጣሁ። ቢቸና ጤፉ ያማረ፣ ሰዉ ደግ፣ ምን ይወጣለታል፤ እርጥብ ጦስኝ ግን የለም። የመጀመሪያ ልጄን፣ የእናንተን እናት ሳረግዝ ታዲያ እሱው አማረኝ። አፌ ጦስኝ ይላል እንጂ ሆዴ የሚለው አገሬን ነበር። ለመውለድ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ከሄድኩም አልመለስ ብዬ ቆርጬ ነበር። ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለማንም።

አያታችሁ የነፍሰ ጡር አምሮት ነው ብሎ እናቴ ዘንድ ወጣ። እና እናቴ ምን አለችው፣ «ልጄ፣ እንደ ነጋዴዎቹ እንዳትመነግለው። ከደጋ ሌላ አገር የለውም፣ ከነቀሉት ከየት ይመጣል? ሥር የሰደደች አንዲት ቅርንጫፍ ከነአፈሯ አንሣ፣ እናቲቱን ተዋት።»

አመጣና ጓሮ ተከላት። ታዲያ ገበሬ አይደል፣ እንደ ቃሪያ ኮተኮታት፣ ፍግ አለበሳት፣ ጠዋት ማታ አጠጣት። ወፈረች፣ ረዘመች፣ ሽታ ግን የላትም፣ እንደ ሣር። ቆይታ ደግሞ ቢጫ ሆነች። ተመልሶ ወጣ።

«ምን አበላሃት?» አለችው እናቴ።

«ፍግ፣ እሜቴ።»

«ወይ ልጄን! እሷን ያሳደጋት ብርድና ድንጋይ ነው። ድንጋይ ስጣት።»

እና አያታችሁ ከወንዝ ዳር ድንጋይ ይሸከም ጀመር። አገር ሳቀበት። አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃውን አንግቶ መጣ፤ አንገቱን እንዲህ ገትሮ አያታችሁን በስሙ ጠርቶ፣ «ጓድ ደረሰ! ሰፊው ሕዝብ ድንጋይ ከመሬቱ ይለቅማል፣ አንተ ትጨምራለህ። መሬት የሕዝብ ነው፤ ስብሰባ ላይ ትጠየቃለህ» አለ። በዚያን ጊዜ «ትጠየቃለህ» ቀልድ መሰላችሁ? መሬት ያስነጥቃል። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሚስቴ ልትሄድብኝ ነው» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ስታይ የምትውለው ወደ ተራራው ነው። ይቺ ጦስኝ ከሸተተቻት ትቀመጥልኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

እኔ ለማንም ያልነገርኩትን! ጓዳ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ቀን ወደድኩት፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ሊቀመንበሩ ድንጋዩን በእግሩ ነካ አደረገና፣ «እና ይህ ድንጋይ ይበቃል?» አለ። ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ አብሮት ተሸከመ።

ጦስኟም ያዘች፣ ሸተተች። እኔም እናቴ ዘንድ ሄጄ ወለድኩ። ክርስትናው ካለፈ በኋላ «እዚሁ ክረሚ» ብትለኝ፣ «አይሆንም፣ ያ ሰው ደግሞ ፍግ ያበላታል» ብዬ ተነሣሁ።

«እማማ፣ የጓሮው ጦስኝ እንደ ጮቄው ይሸታል?»

አይሸትም፣ ልጄ። ቢቸና ለእሱ ሙቀት ነው፣ ሽታው ይለዝባል። ለአያታችሁ ግን አልነገርኩትም፣ እናንተም እንዳትነግሩት። አሁን በቀደም ለለቅሶ ደጋ ወጥቼ የለ? ነጋዴዎቹ የተራራውን ጦስኝ እየመነገሉ ጨርሰውታል፤ ድንጋይ ለድንጋይ ፈልጌ አንዲት አገኘሁና ጎንበስ ብዬ አሸተትኳት። ምን ናፈቀኝ መሰላችሁ? ጓሮዬ። ሃ ሃ! ተወልጄ ባደግሁበት ሜዳ ቆሜ፣ ቢቸና ናፈቀኝ።