የናርዶስ ሰማንያኛ ቀን

በአንድ የወረዳ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል፣ ጠዋት፦ ስንዱ በአፍንጫዋ ቱቦ የገባላትን ሕፃን ልጇን ናርዶስን እየጠበቀች ነው፤ አማቷ ወይዘሮ ዘርፌ የክርስትና ልብስ ይዘው አልጋው አጠገብ ቆመዋል።

ዘርፌ፦ እኔ እኮ ልውሰዳትና ልቅር አላልኩሽም። ቤተ ክርስቲያኑ ከአጥሩ ማዶ ነው። ተጠምቃ፣ ቆርባ፣ ተመልሳ እዚሁ አልጋዋ ላይ ትተኛለች።

ስንዱ፦ አትወጣም፣ እትዬ።

ዘርፌ፦ ሰማንያዋ ዛሬ ነው። ክርስትና እናቷ ከነጋ ጀምሮ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዳርጌም በጉን አርዷል።

ስንዱ፦ ልጅዎ ቢላዋውን ከማንሳቱ በፊት እኔን አልጠየቀኝም። ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ በጉ ይህን ጊዜ ሣር ይግጥ ነበር።

ዘርፌ፦ አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሰሞን አፍሽ ረዝሟል።

ስንዱ፦ የልጄ ትንፋሽ ሲያጥር ነው የረዘመው።

ዘርፌ፦ ጉንፋን ነው እኮ። ጉንፋን ያልያዘው ሕፃን የት አገር አለ?

ስንዱ፦ የጀመራትስ በጉንፋን ነበር። አሁን ግን ሳንባዋ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የአየር መንገዶች አብጠው በአክታ ተሞልተዋል። ስናመጣት ጡት መሳብ አቅቷት፣ በተነፈሰች ቁጥር ጎኗ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። እርስዎም በዓይንዎ አይተዋል።

ዘርፌ፦ አይቻለሁ፣ አልካድኩም። ታዲያ መርፌው የታለ? ሽሮፑስ? ከተኛች ወዲህ አንዲት ጠብታ መድኃኒት አልቀመሰችም። ባዶ አየር ነው የሚነፉባት።

ስንዱ፦ ይህን በሽታ መርፌ አይነቅለውም። እንደመጣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ እስኪሄድ ድረስ እሷ እንዳትደክም ደግፎ መያዝ ነው ሕክምናው። ባዶ ያሉት አየር ነው መድኃኒቷ።

ዘርፌ፦ ኦክስጅን የተሰካለት ሰው በእግሩ ሲወጣ አላየሁም። ጋሽ በላቸው ተሰካላቸው፤ በማግስቱ ቀበርናቸው። የእትዬ አዛለችም ወንድም እንዲሁ።

ስንዱ፦ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ዣንጥላ ሲዘረጋ ያያሉ። ዝናቡን ያመጣው ዣንጥላው ነው ይላሉ?

ዘርፌ፦ ዣንጥላሽን እጠፊና የምጠይቅሽን መልሽልኝ። ያ ጠርሙስ ምንድን ነው? እሳት ሳይነካው የሚንተከተከው።

ስንዱ፦ የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ ነው። ውሃው እስከተንተከተከ ድረስ የአየሩ ግፊት ሳንባዋን ከፍቶ ይይዝላታል። ዝም ካለ ግን ቱቦው ከአፍንጫዋ ወጥቷል ማለት ነው። ሲስተር አስተምራናለች፤ እዚህ ክፍል ያለን እናቶች ሁሉ ልጆቻችንን የምንጠብቀው በጆሯችን ነው።

ዘርፌ፦ እንዲያው ነጩን ልብስ እንኳ ላልብሳት። ቀኗን በአሮጌ ፎጣ ከምትውል። ይህም ይከለከላል?

ስንዱ፦ ያልብሷት። ቱቦውን ብቻ አይንኩብኝ።

ዘርፌ፦ አልነካም፣ ምን አግብቶኝ። ነይልኝ፣ የኔ እመቤት። እጇ እንዴት ቀጥኗል... ፊቷንም በነጠላ ልሸፍንላት፤ ወጪ ወራጁ ሁሉ ያፈጥባታል፣ የሰው ዓይን አያግኛት። እይ እስቲ፣ በእኔ እቅፍ እንዴት ጸጥ እንዳለችልኝ። ያ ማቃሰቷም ቀረ።

ስንዱ፦ ውሃው።

ዘርፌ፦ የምን ውሃ?

ስንዱ፦ ዝም ብሏል። ነጠላውን ይግለጡት፣ እትዬ።

ዘርፌ፦ ቀስ በይ፣ አሁን ገና እንቅልፍ ሲወስዳት...

ስንዱ፦ እንቅልፍ አይደለም። ከንፈሯን ይዩት።

ዘርፌ፦ እመቤቴ ማርያም... ጠቁሯል። ስንዱ፣ ጠቁሯል እኮ።

ስንዱ፦ አልጋው ላይ ያስተኟት። ራሷን ይያዙልኝ፤ እንደዚህ፣ ቀና አድርገው። አገጯን አይጫኑት። ሲስተር፣ ድረሽልን፣ ቱቦው ወጥቶባታል... እስክትመጣ እኔ እመልሰዋለሁ፣ አሳይታኛለች። እጅዎን ያጽኑት።

ዘርፌ፦ አጽንቻለሁ። አጽንቻለሁ፣ ልጄ።

ስንዱ፦ ይስሙ።

ዘርፌ፦ ተንተከተከ።

ስንዱ፦ አሁንስ ከንፈሯ?

ዘርፌ፦ ቆይ... እየተመለሰ ነው። ቀላ። ስንዱ፣ ቱቦውን አልነካሁትም። በልጄ እምላለሁ፣ አልነካሁትም።

ስንዱ፦ አውቃለሁ። ነጠላው ነው የጎተተው። ግን ከዚህ ሳትርቅ እንዲህ ከሆነች፣ ከአጥሩ ማዶ ቅዳሴው እስኪያልቅ ምን ትሆን ነበር?

ዘርፌ፦ እሱን አትጠይቂኝ። የምፈራውን ስለማታውቂ ነው። ከአንዳርጌ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ሰማንያዋ ሳይደርስ ሄደችብኝ፤ ሳትጠመቅ ሄደች ተብሎ ከቅጥሩ ውጪ ቀበሯት። እዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ። ይህችንም እዚያ እንዳያወጡብኝ ነው።

ስንዱ፦ ይህን አልነገሩኝም ነበር። እግዜር ያጽናዎት። እኔ ግን እዚህ የተቀመጥኩት ልጄ የምትቀበርበትን ቦታ ልመርጥላት አይደለም።

ዘርፌ፦ እንግዲያው አባ ወደዚህ ይምጡና እዚሁ ያጥምቋት።

ስንዱ፦ እሱ ለምትሞት ልጅ ነው። የኔ ልጅ ታማ እንጂ እየሞተች አይደለም። ሲሻላት ሄዳ፣ ውሃው ሲነካት በገዛ ትንፋሿ አገር ይያዝልኝ ብላ እያለቀሰች ትጠመቃለች። ቀኑ ስላለፈ በር የሚዘጋባት ካለ፣ መጥቶ ለእኔ ይንገረኝ።

ዘርፌ፦ አይሁንና... ባይሻላትስ? ያን ጊዜ ሰው ምን ይለናል?

ስንዱ፦ «ስንዱ ናት የከለከለች» ይበሉ። ለባሌም፣ ለአባም፣ ለሰፈሩም ይንገሩልኝ። ነቀፋው ይችን ቱቦ አይነቅልብኝም።

ዘርፌ፦ ስልኬ እየጮኸ ነው። አንዳርጌ ነው፤ የት ደረሳችሁ ሊለኝ ነው።

ስንዱ፦ ያንሱትና ሚስትህ እምቢ አለች ይበሉት። ሊወስዳት ቢመጣም በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ዘርፌ፦ ሀሎ፣ አንዳርጌ። አዎ፣ አጠገቧ ነኝ። አንመጣም፤ ክርስትና እናቷን ወደ ቤት ሸኛቸው... ለምን ስንዱን ትቆጣለህ? እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።