የጋራዤን በር የሰበረው የሁዋንካዮ ሰው

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ዘርፈሽዋል ምናሉ
ዕድሜ፦ 52
አድራሻ፦ ግሪን ቫሊ ራንች፣ ዴንቨር
ሥራ፦ የሆስፒታል ላውንደሪ
ቀን፦ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2014
ቃሉን በአማርኛ የተቀበለው፦ ሳጅን እንዳልክ ተክለሚካኤል

እኔ ምስክሯ እንግሊዝኛ አያቅተኝም። ነገር ግን ጉዳዩ የሰው ነፃነት ስለሆነ በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ልናገር ብዬ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

ትናንት ረፋድ ላይ ከሥራ ስመለስ የጋራዤ በር በብረት ተፈልቅቆ፣ ባለቤቴ አቶ ሀብቱ ራሱን ስቶ በረዶው ላይ ተዘርሮ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ላዩ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁ። ኡኡ ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ወደ ሆስፒታል፣ ሰውየው በድብደባና በዝርፊያ ተጠርጥሮ ወደ ጣቢያ ተወሰዱ።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ስጠራ፣ ሰውየው ፋውስቶ የሚባል የፔሩ ተወላጅ መሆኑን፣ የጎረቤታችንን ጣሪያ ይሠራ እንደነበር ሰማሁ። ስፓኒሹ ከሰላምታ አያልፍም፤ ቋንቋው ኬቹዋ የሚባለው የፔሩ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ነው። በስልክ የቀረበው አስተርጓሚ ኩስኮ የምትባል የሌላ የፔሩ ከተማ ሰው ነበር። ጥቂት አዳምጦ «የዚህ ሰው ኬቹዋ የተበላሸ ነው» አለ። መርማሪውም ይህንኑ መዝገቡ ላይ አስፍሮ፣ «መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለም» ብሎ ሊጽፍ ሲል ደሜ ፈላ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ስገባ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ባላገር» እያሉ ስቀውብኛል፤ አንዲት ቃል አልጣልኩላቸውም! የሰው የአገሩ አነጋገር ምን ሲደረግ ነው የተበላሸ የሚባለው? ባሌን መታ የተባለ ሰው እንኳ ቢሆን ሳይሰማ አይፈረድበትም ብዬ ተነሳሁ።

ሰውየው ደጋግሞ «ሁዋንካዮ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ላውንደሪ አብራኝ የምትሠራው ኔሊዳ የዚያችው የፔሩ ከተማ፣ የሁዋንካዮ ልጅ ናት። የእነሱና የኩስኮ ኬቹዋ ስሙ አንድ ቢሆንም እንደማያግባባ ነግራኝ ነበር። ደወልኩላት፤ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ከአውሮራ ነድታ መጣች። ገና ሰላም ስትለው ፋውስቶ ቆቡን አውልቆ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው!

በኔሊዳ አስተርጓሚነት፣ ጣሪያው ላይ ሆኖ ከተዘጋው ጋራዥ የሞተር ድምፅ እንደሰማ፣ ቢያንኳኳ መልስ ሲያጣ በሩን ፈልቅቆ ባለቤቴን ከመኪናው ጎትቶ እንዳወጣው ተናገረ። ሐኪሙም ባለቤቴ በመኪና ጭስ እንደታፈነ፣ የምት ምልክት እንደሌለበት ነግሮኛል። ሀብቱ ዛሬ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ በስሜ ጠራኝ፤ በብርዱ መኪናውን ሲያሞቅ የጋራዡን በር ሳይከፍት መቅረቱንም ነገረኝ።

የተሰበረው በር የእኔ ነው፤ ክስ የለኝም። ፋውስቶ ዛሬውኑ ይለቀቅልኝ። መዝገቡም ላይ «የተበላሸ» የሚለው ተሰርዞ «የሁዋንካዮ ኬቹዋ» ተብሎ ይጻፍልኝ።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሳጅኑም አነጋገሬን እንዳያቃኑብኝ አስጠንቅቄ፣ በመንዝ አማርኛዬ ሰጥቻለሁ። ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ እንደተናገርኩት ነው፤ እውነት ነው።

የምስክሯ ፊርማ፦ ዘርፈሽዋል ምናሉ
የተቀባዩ ፊርማ፦ ሳጅን እንዳልክ ተክለሚካኤል