የሠሪው ስም የት አለ?

ከኢተያ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ በአደገኛው መታጠፊያ ላይ የቆመው የመንገድ ምልክት ቀለሙ በአንድ ክረምት ታጥቦ አለቀ። የጎረቤቴ የሐጂ ቃሲም ልጅም ስንዴ እንደ ጫነ መኪናው እዚያው ተገልብጦ እግሩን አጣ። የመንገዱ ኮንትራክተር ሌላ ምልክት ባመጣ ጊዜ፣ ሳይተከል እንድመርቅለት አስጠራኝ።

እኔ ግን ከምርቃቱ በፊት ምልክቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። የሠሪ ስምም ማኅተምም የለበትም። ቀለሙን በጥፍሬ ብነካው ተፈረፈረና ከሥሩ የነዳጅ በርሜል ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ይህን ማን ሠራው?» አልሁት።

«የኔታ፣ ሹፌር ፊቱን እንጂ ጀርባውን አያነብም» አለ እየሳቀ።

«እኛ ዳዊት ስንጽፍ በመጨረሻው ‹ለዘጸሐፎ›፣ ‹ለጻፈው› ብለን ስማችንን እናኖራለን፤ የወደደ እንዲጸልይልን፣ ስሕተት ያገኘም እንዲወቅሰን። አንተም ስምህን ጻፍበትና ልመርቅ።»

«ሲላጥ ሊሰድቡኝ?»

«እንግዲያውስ እንደሚላጥ ታውቃለህ።»

ሳቁን አቆመ። «መረቁም አልመረቁም ይተከላል» ብሎ ሠራተኞቹን አዘዘ። እኔም መቋሚያዬን ይዤ ለምሰሶው ከተቆፈረው ጉድጓድ ገብቼ ቆምሁ። ሐጂም ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ሠራተኞቹም አካፋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ታዲያ መታጠፊያው ያለ ምልክት ይደር?» አለ ኮንትራክተሩ።

«የሠሪው ስም ያለበት እስኪመጣ ድረስ ምልክቱ እኔ ነኝ» አልሁት።

«ቀኑን እርስዎ ይቁሙ፣ የኔታ» አሉ ሐጂ፤ «ሌሊቱን ለእኔ ይተዉልኝ።»